ካሴቱ ላይ የጨመርኳት ግጥም

ጥር 14 ቀን 1978፣ ገዳሪፍ

ዛሬም ካሴት ስቀዳ ዋልኩ። ሁሉም የወርቅውሃ። ሌላ ዘፋኝ የሚጠይቅ ሰው እየጠፋ ነው። የካሰላ ሾፌሮች አንድ ካርቶን ሙሉ ወሰዱ፣ ወደ ጅዳ የሚሻገር ሰው ሌላ አዘዘ። የሱቁ ባለቤት አያ ጀማሉ ደስ ብሏቸው ፉል ጋበዙኝ።

እየበላን ኡስታዝ ከማሉ መጡ። ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት። አባታቸው ጎንደሬ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉ። የወርቅውሃ ወዳጆች ማኅበር የሚባለውን ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው። ሳይቀመጡ፣ «ኸላስ፣ ተወሰነ» አሉ። የካቲት 13፣ ሲኒማው ግቢ። ከካርቱም፣ ከጅቡቲ፣ ከሰንዓ፣ ከጅዳ የሚወዷት ሁሉ ይመጣሉ። አማርኛ ሳትሰማ ግጥሙን በቃሏ የያዘች አንዲት ጀርመናዊት ነርስም አለች አሉ። መግቢያው አንድ ጣሳ ማሽላ ነው፣ ለስደተኛ መጠለያው ሰዎች።

«ራሷስ?» አልኳቸው።

«እሷማ ዋናዋ አይደለች እንዴ? ትመጣለች።»

የያዝኩትን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለስኩት።

ጥር 15

እስቲ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አምና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ማሽኑ ካሴት በላ። ያውም ዋናውን፣ ሌላው ሁሉ የሚቀዳበትን። በእርሳስ ጠምዝዤ፣ የተበላሸውን ቆርጬ፣ በፕላስተር ቀጠልኩት። ከመጨረሻው ዘፈን ላይ አንድ ቤት ጎደለ። አያ ጀማሉ ፖርት ሱዳን ነበሩ። ቢሰሙ ጉዴ ፈላ። ምን ይበጀኛል እያልኩ ስንቆራጠጥ፣ ደጃችን ላይ ሻይ የምትሸጠው ሰኪና ስታንጎራጉር ሰማሁ። ድምጿ ቁርጥ ወርቅውሃን ነው። ጠራኋት። ከፊት ለፊታችን ያለው ወፍጮ እስኪቆም ጠበቅንና ክራሩን እኔው እየመታሁ ሞላነው።

የጠፋው ግጥም ግን ትዝ አላለኝም። የራሴን ነው የሰጠኋት።

ሣህሊቱን ያያችሁ፣ ጉንጯ ጠባሳ አላት፣
ገዳሪፍ ሱቅ መሀል ይጠብቅሻል በሏት።

ሣህሊቱ እህቴ ናት። አምና ኅዳር ላይ ከጭልጋ በእግር ወጣን። እናታችንን መንገድ ላይ ቀበርናት። ገላባት ስንደርስ እኔን ወባ ጣለኝ። ሎሪ መጣ፣ ሴቶቹን ቀድመው ጫኑ፣ እሷን ሰቀሏት፣ እኔ መሬት ላይ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ያልጠየቅኩት መጠለያ የለም። መዝገቡን ያገላብጣሉ፣ «ሣህሊቱ ዳምጤ የምትባል የለችም» ይላሉ። ደብዳቤ ወዴት ይላካል? ካሴት ግን ሎሪ የሚገባበት ሁሉ ይገባል። ይኼንን ነው ያሰብኩት። ክፉ አላሰብኩም...

ስሜን አላስገባሁም። ስሜ ካለበት አያ ጀማሉ በዚያው ቀን ያባርሩኛላ። በዚያ ዓመት ደግሞ ከሥራ መባረር ምን ማለት እንደነበር ያየ ያውቀዋል።

ጥር 21

ለሰኪና ነገርኳት። ወርቅውሃ ልትመጣ ነው፣ ጉዳችን ሊወጣ ነው አልኳት። ሳቀች።

«ድምፄ ጅዳ ደርሶ፣ ሰንዓ ደርሶ፣ እኔ ይኸው ብርጭቆ አጥባለሁ። እንኳንም መጣች።»

«አንቺ ምን አለብሽ? የምባረረው እኔ ነኝ።»

«ምን ያንቀጠቅጥሃል? ሰው አልገደልክ።»

ቀላል ነው ለሷ። ስኳር እንኳ ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ፣ አሳዝኛት ነው መሰል።

ጥር 28

ባሰ።

ኡስታዝ ከማሉ ለየአገሩ ወዳጆች ጽፈው ነበር፤ ከግጥሞቿ የትኛውን ትወዳላችሁ ብለው። መልሱን ዛሬ ይዘው መጡ። የሚበዛው የኔን ነው የመረጠው። የኔን! እውነቱን ልጻፍ? አንድ አፍታ ደረቴ ተነፋ። ወዲያው ደግሞ ላብ አጠመቀኝ።

የጅቡቲው የባቡር ሠራተኛ ሣህሊቱ የወርቅውሃ ልጅ ናት ይላል፣ በሕፃንነቷ የሞተችባት። የሰንዓዎቹ ደግሞ ሣህሊቱ ሰው አይደለችም፣ አገር ናት፣ ጠባሳው ጦርነቱ ነው ብለው ሦስት ገጽ ጽፈዋል። ኡስታዝ አንድም ሳይዘሉ አነበቡልን። እኔ ጠባሳው ከምድጃ ላይ የወደቀች ጊዜ የተረፈ መሆኑን እያወቅሁ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ግጥሙ በትልቅ ጨርቅ ላይ ተጽፎ መድረኩ ላይ ይሰቀላል። የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ብለው ለኔ ሰጡኝ።

የካቲት 1

ጨርቁን ጻፍኩ። «ይጠብቅሻል» የሚለው ጠመመብኝ።

የካቲት 5

በሱቁ በር የሚያልፉትን ሴቶች ጉንጭ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ዛሬ አንዷ «ምን ታፈጣለህ፣ ባለጌ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከሰዓት ደግሞ ካሣን ያየሁት መሰለኝ፣ እህል በረንዳው ጋ።  ቀርቤ ሳየው ሌላ ሰው ነው። ካሣ የሣህሊቱ ባል የነበረው ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ነው የዳሯት። ሲደበድባት ኖሮ፣ በመጨረሻ ከቤቱ ያወጣኋት እኔ ነኝ። የትም ብትገባ አገኛታለሁ ብሎ ምሏል። እሱም ድንበር ተሻግሯል ይላሉ። እሱ ቀድሞ ቢያገኛትስ?

ካሴቱን ልሰብረው አሰብኩ። ግን ምን ይፈይዳል? ሺህ ሆኗል፣ ከእጄ ወጥቷል። ደግሞስ ወርቅውሃ መጥታ «የኔ አይደለም» ካለች ማን ያዳምጠዋል? ከሣህሊቱ ጋር የሚያገናኘኝ እሱ ብቻ ነው። እንዳይታወቅብኝ እፈራለሁ፣ እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ይኼ ምን የሚሉት ኑሮ ነው?

የካቲት 12

እንግዶቹ ገቡ። የጅቡቲው ሰው ሱቃችን ድረስ መጥቶ «ሱቅ መሀል» የሚለው የት ጋ ነው ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።



የካቲት 14

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሲኒማው ግቢ ገና በአሥር ሰዓት ሞላ። በሩ ላይ ማሽላው ተከምሯል። ጣሳ ሙሉ ያልሞላለት በመዳፉ ይዞ መጥቷል፣ እሱንም አስገቡት። እኔ ከአያ ጀማሉ ጎን ተቀመጥኩ። ሰኪና ከፊት፣ አዲስ ቶብ ተጎናጽፋ፣ እንደ ሙሽራ።

ወርቅውሃ ወጣች። አጭር፣ ቀጭን ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። ፎቶዋ ላይ ትልቅ ሴት ነበር የምትመስለኝ። ገና ሰላም ሳትል ሕዝቡ ጨርቁን እያየ ግጥሙን በአንድ ድምፅ አለው። ጀርመናዊቷ ሳትቀር። እሷ ጨርሰው እስኪቀመጡ ጠበቀች።

«ይቺን እኔ አልጻፍኳትም» አለች። «አልዘፈንኳትምም።»

ሳቅ ሆነ። የጅቡቲው ሰው «እትዬ ይቀልዳሉ» አለ። እሷ አልሳቀችም።

«ካርቱም ሆኜ እምቢ ልል እችል ነበር። የመጣሁት ካሴቱ የሚቀዳው ገዳሪፍ ነው ስላሉኝ፣ ይቺን የጨመረውን ሰው ልፈልግ ነው። እዚህ ካለ ይነሳ።»

 አያ ጀማሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ማን ይሆን ይኼ ወመኔ?» አሉ። ሰኪና ዞራ አየችኝና መልሳ ፊቷን አዞረች። መሬት መሬት አየሁ። ዝም ካልኩ ያልፋል... ማን ያውቃል? አንድ ሰው ብቻ ናት የምታውቀው፣ እሷም አትናገርም። በሩን አየሁ። ሩቅ አይደለም።

ወርቅውሃ ቀጠለች። «በዚች ግጥም የተነሳ አንዲት ልጅ እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ አይቻለሁ። እሱን ልነግረው ነው።»

መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። «ጉንጯ ላይ ጠባሳ አላት?» አልኩ። ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ዞረ።

«ማን ነህ አንተ?»

«ስማቸው ዳምጤ። ወንድሟ ነኝ። ካሴቱን የምቀዳው እኔ ነኝ።»

አያ ጀማሉ ከጎኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ኡስታዝ ከማሉ ጨርቁን ያዩታል፣ እኔን ያዩኛል። ያሳዘኑኝ እሳቸው ናቸው።

ከመድረኩ ኋላ ወሰደችኝ። ተናዳለች፣ ግን ውሃ ሰጠችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ፋው ነበርኩ አለች፣ ለጥጥ ለቃሚዎቹ ስዘፍን። ፊቷን በቶብ የሸፈነች ልጅ እያለቀሰች መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። «እመቤቴ፣ ይቺን ግጥም ተይልኝ፣ ያገኘኛል» አለችኝ። ማን ነው የሚያገኝሽ ብላት፣ «ባሌ። ገዳሪፍ ሆኖ የሚጠብቀኝ እሱ ነው። ሌላ ማን አለኝ? ወንድሜ ገላባት በወባ ሞቷል» አለችኝ ስትል ነገረችኝ።

«ስሟን ነገረችዎት?» አልኳት።

«ወለተ ማርያም ነኝ ነው ያለችው። ጠባሳውን ያየሁት ቶቡ ሲንሸራተት ነው።»

ወለተ ማርያም... የክርስትና ስሟ ነው። ክርስትና ስትነሳ እዚያው ነበርኩ። ይኼን ሁሉ መጠለያ ስዞር አንድ ቀን እንኳ በክርስትና ስሟ አልጠየቅሁም። የምትሸሸው ከኔ ግጥም ነው። በሎሪ እየጫንኩ የምልከው ፍርሃት ነው ለካ።

አፈር ልብላ አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ሰው ፊት።

ስወጣ ወርቅውሃ «ግጥሟ ክፉ አይደለችም» አለችኝ። ምን ላድርገው አሁን?

አያ ጀማሉ በር ላይ ጠብቀው ቁልፉን ተቀበሉኝ። አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። ሰኪና ዳቦ ቋጥራልኛለች። የምሄደው በመጀመሪያው ሎሪ ነው።

የካቲት 16፣ ፋው

ደረስኩ። ጥጡ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ነጭ ነው። የለቃሚዎቹ ራኩባ፣ ሣር ለበሱ ዳስ፣ በቦዩ ዳር ተደርድሯል። የጭልጋ ሰው፣ የአርማጭሆ ሰው፣ ሁሉም አለ።

ሴቶቹን ጠየቅኳቸው። ወለተ ማርያም የምትባል፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት። መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ ሸጊቱ የሚሏት አሮጊት፣ «ከወዴት ነህ?» አለችኝ። ከገዳሪፍ አልኩ። ያ ብቻ በቃት።

«ጠባሳ ያላት? እኛ ሁላችንም ጠባሳ አለን። ሂድ፣ ሌላ ጋ ፈልግ።»

ካሣ መስያቸዋለሁ። ወንድሟ ነኝ ብል «ወንድሟ ሞቷል» አሉኝ። አለች ማለት ነው። እዚህ አለች፣ ሸሽገዋታል። ልናደድ? እንዴት እናደዳለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው እንጂ። ግን ዛሬ ወደ ሌላ ቦታ ቢያሸሿትስ? የኔ መምጣት ራሱ ቢያስመልጣትስ?

የካቲት 17

ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ወደ ራኩባዎቹ አልተጠጋሁም፣ እንዳይፈሩ። ውሃ ሊቀዳ ለመጣ ሁሉ፣ «ስማቸው እባላለሁ፣ የዳምጤ ልጅ፣ ከወባው ድኛለሁ፣ እዚህ ነኝ ብላችሁ ንገሯት» እላለሁ። እንደ እብድ ያዩኛል። አንዳንዶቹ እንስራቸውን ግማሽ ሞልተው ይሄዳሉ።

ሸጊቱ ወደ ማታ መጥታ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። «የእናትህ ስም?» አለችኝ። ነገርኳት። የት እንደተቀበረች ጠየቀችኝ። ከወንዙ ማዶ፣ ሾላው ሥር አልኳት። ወደ ራኩባዎቹ ተመለሰች።

የካቲት 18

አልመጣችም። የሰኪና ዳቦ አለቀ።

የካቲት 19

መጣች።

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው። ቀና ስል ከቦዩ ማዶ ቆማለች፣ ቶቧን ከጉንጯ አውርዳ። ከስታለች፣ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። ሸጊቱ ከኋላዋ ዱላ ይዛ ቆማለች።

«ሞቷል ብለውኝ ነበር» አለች።

«አልሞትኩም» አልኩ። 

በድልድዩ ዞራ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። አጥብቃ፣ እስኪያመኝ። አለቀሰች፣ እኔም። ከዚያ ለቀቀችኝና ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። ተናዳለች። ስትናደድ ያው የድሮዋ ናት።

«ከገዳሪፍ ሎሪ በመጣ ቁጥር ጥጡ ውስጥ እየተኛሁ ነው የከረምኩት። ሠርግ ላይ አይሄድ፣ ገበያ አይወጣ፣ የትም ያ ዘፈን አለ። ወንዶቹ ጠባሳዬን ባዩ ቁጥር ‹ይጠብቅሻል› ይሉኛል። ስምህን ብትልበት ኖሮ በእግሬ እመጣ ነበር።»

ጠጠር አንስቼ ቦዩ ውስጥ ጣልኩ።

«ለምን አላልክም?»

ስሜ ግጥሙ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ነው ልላት ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ተውኩት።

«ፈርቼ ነው» አልኳት። «ሥራዬን እንዳላጣ።»

እጇን ቦዩ ውስጥ ነከረች። ውሃውን ታያለች። ይቅር አለችኝ ብዬ አልጽፍም፣ አላለችኝም። «በል ተነስ፣ የለቀማ ስም ምዝገባ ሊያልፈን ነው» አለች ብቻ።

አብረን ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ ካቦው ሳያየን «ስም?» አለ። ስማቸው ዳምጤ አልኩት። እሷም ከኋላዬ «ሣህሊቱ ዳምጤ» አለች። ካቦው ቀና ብሎ ጉንጯን አየ። እሷ አልሸፈነችውም። ቆይቶ ጻፈ።