ሁለት ጊዜ የተሰጠች ልጅ

ማክሰኞ

ተዋናይቷ ጠፋች። ጠዋት ከሉማሜ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ወደ አዲስ አበባ ሄዳለች አሉ፣ ለማንም ሳትናገር። ወገቡን ያጠበብኩላት፣ አንገቱን ፈትቼ እንደገና የሰፋሁላት ቀሚስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ለጥልፌ አዘንኩ። ለፊልሙ ግን አላዘንኩም።

ሄኖክ ቀኑን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ። ዳይሬክተሩ እሱ ነው፣ ሹፌሩም እሱ ነው፣ ሲቸግረው መብራት የሚይዘውም እሱ ነው። ተወልዶ ያደገው ውጭ አገር ነው። ፊልሙም ስለ እሱ ቢጤ ነው። ልጁ ከውጭ ይመጣል፣ ቤተሰቦቹ የጎጃም ልጅ ይመርጡለታል፣ እሱም እሷም አንፈልግም ብለው ያለቅሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ሙሽራዋ ትጠፋለች። ተዋናይቷ ቀደመቻት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተቀጠርኩት ለሙሽራዋ ልብስ ነው፤ ቤታችንን ደግሞ ለቀረጻ ወደዱት። አመሻሽ ላይ ሄኖክ መጣና ሽማግሌዎች ልጅ የሚጠይቁበት ክፍል ሲቀረጽ በሙሽራዋ ቦታ አንቺ ተቀመጪልኝ አለኝ። ነጠላ ትከናነቢያለሽ፣ ፊትሽ አይታይም አለ። እሺ አልኩት።

እኔም የታጨሁ ልጅ መሆኔን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ቤተሰብ ነው የመረጠልሽ? አለኝ። አዎ፣ ቤተሰብ ነው። ደሳለኝ ካናዳ ነው ያለው፤ እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ኅዳር ላይ ሽማግሌ ልካ አባዬ እሺ ብሏል፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሄኖክ እጄን ይዞ አይዞሽ አለኝ። ምን ሆኜ ነው አይዞሽ የምባለው? እኔ ደሳለኝን እወደዋለሁ። መጀመሪያ ቤተሰብ መረጠው፣ ከዚያ በየማታው ስንደዋወል እኔ መረጥኩት። ይህን ለሄኖክ ማስረዳት ደከመኝና ተውኩት።

ረቡዕ

የሙሽራዋን አባት የሚጫወተው ሰውዬም ከደብረ ማርቆስ ሳይመጣ ቀረ። ሄኖክ ዓይኑን አባዬ ላይ ጣለ። አባዬ አሻፈረኝ አለ። ሄኖክ አባዬን አንተ፣ አንተ እያለ ሲለማመጠው እማዬ ጓዳ ገብታ አፏን ይዛ ሳቀች። በመጨረሻ አባዬ የእንግዳ ፊት ማጥቆር አይችልምና ተሸነፈ።

ሄኖክ ሽማግሌዎቹም እውነተኛ ይሁኑልኝ አለ። አባዬ ሄዶ ሌላ ማንን ይጠራል? ለደሳለኝ የመጡትን ሦስቱን ጠራ። ትልቁ አያ ቢያድግልኝ ናቸው። እሳቸውን ነገሩ አላማራቸውም። ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ካሰቡ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ጨዋታ ከሆነ በጨዋታ ስም ይሁን። የልጅቱ ስም እንዳይነሳ።»

በፊልሙ ሙሽራዋ ሰላም ነው የምትባለው። ተስማሙ። በእኛ አገር ሽማግሌ ለልጅ ጥየቃ ሲመጣ እሺታ እስኪያገኝ አይቀመጥም፣ አይቀምስም። ሰጥቻለሁ ከተባለ፣ ከተመረቀና ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ግን ያ ቃል አይነሳም። ሄኖክ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው።

ሐሙስ

የዛሬውን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ቢሆንም ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠየቁ። አባዬ አጎንብሶ ቆየ። ጠዋት ሙሉ ሰላም፣ ሰላም ሲል ነበር የተለማመደው። ካሜራው ተከፈተ፣ መብራቱ ፊቱ ላይ በራ፣ አባዬ ቀና አለና «ልጄን የሻረግን ሰጥቻለሁ» አለ።

ስሜን ጠራው። የራሴን ስም፣ ሙሽራውን ለሚጫወተው የአዲስ አበባ ተዋናይ ሊጠይቁ በቆሙት ሽማግሌዎች ፊት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከልማድ አሜን አሉ። አያ ቢያድግልኝ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ጀምረዋል፤ የተጀመረ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። ድምፃቸው እየሰለለ ጨረሱት። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ። ተቀመጡ፣ በሉ። ሄኖክ አጨበጨበ።

አባዬ ምን እንዳለ አላወቀም። እማዬ ስትነግረው ነው መሬት ላይ ቁጭ ያለው። ይደገም ብዬ ሄኖክን ለመንኩት። እንዲህ ያለ እውነት ሁለተኛ አይገኝም አለኝ። አያ ቢያድግልኝም ቢደገም ምን ይፈይዳል ብለው ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ዓርብ

ሄኖክ የትናንቱን ቀረጻ ቁራጭ ለማስታወቂያ ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። ክርና መርፌ ልገዛ ሉማሜ ወርጄ ባለሱቋ ስልኳን አዙራ አሳየችኝ። የአባዬ ፊት። የአባዬ ድምፅ። ስሜ። ከታች የሚስቁ ሰዎች።

ለደሳለኝ ጻፍኩለት። አይቶታል፣ አልመለሰም።

ሄኖክን አጥፋው አልኩት። ፊልም እኮ ነው፣ ማንም ያውቃል አለኝ። እኛ ፊልም መሆኑን የማናውቅ ይመስለዋል? ችግሩ አለማወቅ አይደለም። እውነተኛ ሽማግሌ፣ እውነተኛ አባት፣ እውነተኛ ስም፣ እውነተኛ ዳቦ። ሐሰቱ ባልየው ብቻ ነበር። ማታ አጠፋው፤ ግን ስንቱ ገልብጦታል። ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፣ ቀሚሱንም ወሰዱት።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቃሉን መልሳ እጮኛነቱን ለማፍረስ ሽማግሌ ላከች። በልጄ ቀለዱበት፣ ለእሱ የሰጧትን በዚያው ሽማግሌ ፊት ለሌላ ሰጧት ብላለች። አያ ቢያድግልኝ ከፊት ነበሩ። ግቢው መሐል ቆሙ፣ ግቡ ሲባሉ አልገቡም። እኔም ያንን ዳቦ በልቻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

አባዬ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ወጣሁ። እማዬ ቀሚሴን ያዘችኝ፣ አስለቅቄ ወጣሁ። ሴት ልጅ በራሷ ነገር ሽማግሌ ፊት ቆማ አትናገርም፣ አውቃለሁ።

«አያ፣ ስሜን የጠራው አባቴ ነው፣ ተሳስቶ ነው። እኔ ለማንም አልተሰጠሁም። ደሳለኝን እፈልገዋለሁ። ይህን ይንገሩልኝ።»

 አያ ቢያድግልኝ መሬት መሬት እያዩ «ሰምተናል ልጄ» አሉ። ሄዱ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያውን እንጀራ በላሁ። አፈርኩ? አፍሬያለሁ። ግን ይውጣልኝ ብዬ ነበር፣ ወጣልኝ።

እሑድ

አባዬ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደሳለኝ ደወለ። ቪዲዮውን አይቼ ስቄያለሁ አለኝ፣ እሱማ ምንም አይደለም አለ። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሽማግሌ ፊት ወጥተሽ እፈልገዋለሁ ብለሻል የሚባለው እውነት ነው ወይ አለኝ። እውነት ነው አልኩት።

ይህን ሰምታ እናቱ አልተኛችም አለ። አገሩ ሁሉ ይህንኑ ያወራል። ካናዳ ያሉት የአገሩ ልጆችም ሰምተው ይስቁበታል። ዝም ብትዪ ኖሮ እኔ እናቴን አሳምናት ነበር አለኝ። ይሄ ልጅ ነው ዓይን አፋር ሴት አልወድም፣ ያሰብሽውን ንገሪኝ ሲለኝ የከረመው።

«አሁንስ አታሳምናትም?» አልኩት።

 በእሱ በኩል መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

«እስኪ ትንሽ ይለፍ፣ የሻረግ» አለ።

ስልኩን ስዘጋ አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ይለፍ አለ አልኩት። ገብቶ ከጎኔ ተቀመጠ፣ የስፌት መኪናዬን እጀታ ሲነካካ ቆየ። ከዚያ ከተወለድኩ ጀምሮ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

«አንቺስ? ትፈልጊዋለሽ?»

ትናንት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የወጣልኝ ቃል፣ ዛሬ ለአባዬ ለብቻው አልወጣ አለኝ።