ጎሹን ማን ጣለው

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ረፋድ
ካሌዶኒያን ሮድ፣ ካፌው፣ የመስኮቱ ጠረጴዛ። ሁለተኛ ማኪያቶ። ክርክሩ ባለፈው ቅዳሜ ከቆመበት ቀጠለ። ትልቁ የአደን ሽጉጥ፣ ስድስት ጎራሹ፣ ለሥራ ይሆናል ወይስ ለፎቶ? ሽጉጥ በማይታጠቁበት ከተማ ተቀምጠን፣ ማስታወሻዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምንጠብቀው ይህንን ነው።

ደጋፊዋ ሳምራዊት ናት። እዚሁ የተወለደች፣ ካምደን የምትሠራ ፋርማሲስት። ሽጉጥ ነክታ አታውቅም፤ ጥቅሙን ግን በቃሏ ትወጣዋለች። ወገብ ላይ ይታጠቃል፣ እጅ ነፃ ይሆናል፣ ጥሻ ውስጥ ረጅም ጠመንጃ ሲጠላለፍ እሱ እንደልብ ይዞራል፣ ቀለል ያለ ጥይት ካጎረሱት ለትንሽ አውሬም ይበቃል። ተቃዋሚዋ አባቷ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ሃያ ዓመት አዳኞችን የመሩ። ከሠላሳ ርምጃ በላይ አይታመንም ይላሉ። ይራገጣል። ሁለተኛውን እስክታነጣጥር አውሬው ደርሶብሃል።

“አባዬ፣ ኦነስትሊ፣ አንተ ነህ እንዲህ የምትለው? ጎሹን በምን ጣልከው ታዲያ?”

ጋሽ ደምሴ ስኳር የሌለበትን ሻይ አማሰሉ።

ጎሹን እንደጣሉ የሚያወራው የድሮ ጋዜጣ ገጽ ኪልበርን ሳሎናቸው ውስጥ በፍሬም ተሰቅሏል። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ አገር ቤት፣ ወጣት ጋዜጠኛ ሳለሁ። “በስድስት ርምጃ፣ በአንድ ሽጉጥ”። ርዕሱን አሁንም እወደዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከሰዓት
ጋሽ ደ. ደወሉ፤ ቦዩ ዳር እንራመድ። ጉም። ጀልባዎቹ ግማሽ ግማሻቸው የለም። የልብ ቀዶ ጥገናው ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተቀጥሯል፣ ፎርሙን ሳይን አድርገዋል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንዲስተካከል ይፈልጋሉ።

ጎሹ ከጥሻው ሲወጣ ጠመንጃቸው መኪና ውስጥ ነበር። ሽጉጡን አምነው ትተውት። ሦስት ጊዜ ተኮሱ። አንዱ ቀንዱን ነካ፣ ሁለቱ የት እንደገቡ እንጃ። ጎሹን የጣለው ከጎናቸው የነበረው ዱካ ፈላጊ ነው፣ በአሮጌ ጠመንጃ። ፎቶው ላይ ሽጉጥ ይዘው የቆሙት ግን እሳቸው ናቸው። እኔም ከፎቶው ጻፍኩ፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ያኔ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

“ጋዜጣው ሲደርሰኝ አገር አንብቦታል። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልንገርህ።”

የሰውየው ስም ጠፍቶባቸዋል። የሚያስጨንቃቸው እሱ ነው። ፊቱ ይመጣል፣ ስሙ አይመጣም።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተነፈሰ። ሁለታችንም ቆምን። የጀልባ ምድጃ ጭስ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት
ባስ፣ ላይኛው ፎቅ፣ የፊት ወንበር። ቅርንጫፍ መስታወቱን እየዳበሰ ያልፋል። ሲያሸልበኝ የኪልበርን መንገድ ሣር ሆነ፤ ቀያዮቹ ባሶች አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ። አንዱ ቀና ብሎ አየኝ። ነቃሁ፤ ፌርማታዬ አልፏል።

የአገር ልጆች ማኅበራችን መጽሔት ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። አዘጋጁ እኔ። የሠላሳ ዓመት ስህተት እርማት ማን ያነባል? ማንም። ሳምራዊት ግን ታነባለች። በዚያ ፍሬም ሥር ነው ያደገችው፤ ት/ቤት ወስዳ አሳይታዋለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ጠዋት 4 ሰዓት
አልጋ ሥር፣ ሻንጣ፣ የድሮ የመስክ ደብተሮች። አቧራው ገና የኦሞ ቀለም አለው፤ ወይም እንደዚያ ማየት ፈለግሁ። ገጹ ተገኘ። በገዛ እጄ ጽሑፍ፦ “ዱካ ፈላጊ ኦይታ፣ ተኳሹ።” በላዩ ቀይ መስመር። ዳር ላይ፦ “ቦታ የለም፣ ይውጣ።”

ከፎቶው አልጻፍኩም። አውቅ ነበር። ለዚያ ርዕስ ስል አወጣሁት፣ ከዚያ ረሳሁት።

ሻይ አፈላሁ። አልጠጣሁትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ረፋድ
ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጋሽ ደ. መነጽራቸውን አደረጉ። “ኦይታ” አሉ። ቆይተው ደገሙት፣ ጣፋጭ ነገር አፋቸው ውስጥ እንደያዘ ሰው።

ለሳምራዊት እኔው ነገርኳት። ጥፋቱ የኔ ነው ስል ጋሽ ደ. “ግማሹ የኔ ነው” ብለው አቋረጡኝ። ወደ መስኮቱ ዞረች። ዓይኗን ሳታዞር ተናገረች።

“እንግዲያው ክርክሩን አሸነፍክ፣ አባዬ። ሽጉጡ አይረባም።”

“ለድምፅ ይረባል፣ ልጄ። ስተኩስ ጎሹ ኦይታን ትቶ ወደኔ ዞረ።”

ሳቀች፣ ዓይኗ እንደረጠበ። ከዚያ ወደኔ፦ “ጋሼ፣ እርማቱን ከፍሬሙ ሥር አስገባዋለሁ። ፊደሉ ከርዕሱ እኩል ይሁንልኝ።”

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት
የመጽሔቱ ገጽ ሁለት ሞልቷል። ቦታ የለም። የራሴን ርዕሰ አንቀጽ አወጣሁ፣ ሙሉውን። በትልቁ ፊደል፦

እርማት። በወጣትነቴ “በስድስት ርምጃ፣ በአንድ ሽጉጥ” ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው፤ ጎሹን የጣለው ኦይታ የተባለ ዱካ ፈላጊ ነው። ስሙን አውቅ ነበር። ያወጣሁት ቦታ ጠፍቶ ሳይሆን ለርዕሱ ስል ነው።