የጥሩወርቅ ፊት

ሰመራ፣ ግንቦት 6፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

መብራት ጠፍቷል። ማራገቢያው ቆሟል። ላቤ ወረቀቱን እንዳያበላሽብኝ ክንዴ ሥር ፎጣ አንጥፌ እሠራለሁ። ክፍል 31። ጥሩወርቅ ለባሏ ሾርባ ታቀርባለች፤ መርዙ ሾርባው ውስጥ ነው። ድራማው በድምፅ ብቻ ስለሆነ የሚሰማው ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ነው። እኔ መሳል የፈለግኩት ያንን ድምፅ ነው። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አራተኛው ይዟል።

ለግሩፑ ለቀቅኩት። «የጥሩወርቅ ጎረቤቶች» ይባላል። ድራማውን በስልካቸው የሚከታተሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውንም በአካል አላውቅም። እነሱም «እርሳስ» በሚል ስም ብቻ ነው የሚያውቁኝ። አንዱ ከዛሬ ጀምሮ ሚስቴ የሠራችውን ሾርባ አልቀምስም ብሏል። አዳማ ያለችው ፌቨን፣ ግሩፑን የምትመራው፣ ጋሽ እርሳስ እጅህ ይባረክ፣ ዓይኗ ግን ያስፈራል አለች። ደስ አለኝ። በአርባ ስምንት ዓመቴ።

መ/ቤት ካርታ በእጅ የምነድፈው እኔ ነበርኩ። ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ እጄን የሚፈልገው የለም። ስልሳ ክፍል፣ ስልሳ ሥዕል፣ ከዚያ አንድ መጽሐፍ። ማስታወሻዬ፣ ይህን ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።

ግንቦት 9፣ ጠዋት

የድራማው አዘጋጆች በፌቨን በኩል ጻፉልኝ። ጥሩወርቄን የቻናላቸው መለያ ሊያደርጓት ይፈልጋሉ። ከሥሯ ስሜ ይጻፋል፤ እርሳስ ሳይሆን የራሴ ስም። ቢሮ ለማንም አልተናገርኩም። ፊቴ ግን ዝም አላለም መሰለኝ፣ ጸሐፊያችን ሎተሪ ወጣልህ እንዴ አለችኝ።

ላንተ እውነቱን ልጻፍ። የጥሩወርቅ ፊት የኔ ፈጠራ አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አውቶቡስ ለምሳ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ የዘይነባ ምግብ ቤት አለ። ወደ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር እዚያ እበላለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ምግብ እስኪመጣ፣ በኪስ ደብተሬ ላይ ዘይነባን ነደፍኳት። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ። ሻሿ ውስጥ የሻጠችው እስክሪብቶ። ከሁሉም በላይ ዓይኗ፦ ደረቅ፣ ሰው ላይ የማያርፍ። ድራማው ሲጀመር የጥሩወርቅን ድምፅ ሰማሁና ያንን ገጽ ፈልጌ ገለጥኩ። አንድ መስመር አልቀየርኩም።

ማን ያውቃታል ብዬ ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ምሳውን እዚያ እንደሚበላ ረሳሁ።

ግንቦት 14፣ 7፡15

ፌቨን ወደ ሎጊያ ስትሄድ አውቶቡሱ አዋሽ ቆመ። ዘይነባን አየቻት። ተደብቃ ፎቶ አነሳቻትና ከሥዕሌ ጎን አድርጋ ለጠፈችው። ጥሩወርቅን አገኘኋት፣ አዋሽ ምሳ እያቀረበች ነው ብላ።

ግሩፑ አበደ። ሾርባውን እንዳትነኪው! በሕይወት ከደረስሽ ጻፊልን! ባሏ የት እንዳለ ጠይቂያት!

ጠየቀቻት። ሞቷል አለችኝ ብላ ጻፈች። ከዚያ ሳቅ፣ ሳቅ፣ ሳቅ፣ እስከ ታች ድረስ።

እኔም የሳቅ ምልክት ልኬአለሁ። ይህን ጽፌ ነበር፣ ልሰርዘው አሰብኩ፣ ተውኩት። እዚህ ይቀመጥ።

ባሏ መሞቱን ያወቅኩት እኔም ዛሬ ነው። ስንት ዓመት ከእጇ በልቻለሁ።

ግንቦት 22፣ ማታ 1 ሰዓት

ግሩፑ ውስጥ አንድ የቦቴ ሹፌር አለ። ብዙ አይጽፍም። ዛሬ ጻፈ። ሥዕሉ አዋሽ ላይ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ሹፌሮቹ ምግብ ሲቀርብላቸው እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው ይሏታል። እሷ መጀመሪያ ስቃ አልፋለች። አሁን ግን የሟቹ ባሏ ወንድም አየው። እሱም የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው። አልሳቀም። ወንድሜ ምን በልቶ ነው የታመመው ብሎ ጠየቃት፤ ሰው ፊት። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ሹፌሩ መጨረሻ ላይ፣ ቀልዱ በቃ፣ ሴትየዋን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ አለ።

ሥዕሉን አጠፋሁ። ፌቨን ምነው አለች። እኔ ማጥፋቴ ምን ዋጋ አለው፣ የሰው ስልክ ሁሉ ውስጥ አለ። ለአዘጋጆቹ አይሆንም ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱን አልጻፍኩም። ፈሪ።

ነገ ንጋት 11 ሰዓት በሚነሳው ሚኒባስ ወደ አዋሽ እሄዳለሁ።

አዋሽ፣ ግንቦት 23፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ለዘይነባ ነገርኳት።

ስገባ «ወንድም፣ ዛሬ ያለ አውቶቡስ ነው የመጣኸው?» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። በመልክ ብቻ ነው የምታውቀኝ፤ ስሜን አታውቅም። የኪስ ደብተሩን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። የሣልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

አልጮኸችም። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጠባሳውን በጣቷ ነካች። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር።

«ይህን ቀን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ኅዳር 12።» ጣቷን ከቁጥሩ ላይ አነሳች። «ያን ሳምንት ባሌ ኢብራሂም አዳማ ሆስፒታል ነበር። ጉበቱ ነው። አንድ ቀን እሱ ጋ፣ አንድ ቀን እዚህ። ወላሂ ተቀምጬ እንኳ አላንቀላፋሁም። ይሄ ነው መርዝ የመሰለህ?»

የኮራሁበት ዓይን ነው። ፌቨን ያስፈራል ያለችው፣ አዘጋጆቹ የወደዱት። ባሏን የምታስታምም ሴት ዓይን ነው። አየሁት፣ በደንብ ነደፍኩት፣ ምን እንደሆነ ግን አንዴ አልጠየቅኩም። ምን ሆነሻል ማለት ስንት ቃል ነው።

ፍርፍር አስመጣችልኝ። አልራበኝም አልኳት።

«ብላ። ወይስ እኔ ልቅመስልህ?»

በላሁ። ሙሉውን ጨረስኩት።

ስወጣ በር ላይ ጠራችኝ። በስልክ ይቅርታ ብዬ ጽፌ እንዳልገላገል። አርብ ወንድምየው ፊት እንድገኝ፤ ደብተሩንም እንድይዝ አዘዘችኝ።

ግንቦት 24

ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አልጋ ይዣለሁ። ቢሮ ደውዬ ታምሜያለሁ አልኩ። ሌላ ውሸት።

ለግሩፑ በሙሉ ስሜ ጻፍኩ። ፊቱ የሰው ፊት ነው፣ ሳላስፈቅድ የወሰድኩት፤ ዓይኑ የኀዘን ነው፤ ሥዕሉ ያለው ሰው ያጥፋው። ጥቂቶች ወጡ። አንዱ ድራማውን አበላሸህብን አለኝ። ሌላው ታዲያ ጥሩወርቅ ምን ትመስላለች ብሎ ጠየቀ። አላውቅም አልኩት። እውነት አላውቅም። እጄ ሌላ ፊት አልሰጠኝም፤ ክፍል 31 ላይ ቆሟል። መጽሐፉ ቀርቷል።

ፌቨን የለጠፈችውን ፎቶ አጠፋች። ወደ ማታ ለብቻዬ ጻፈች፦ ጋሼ፣ ነገ እኔም ልምጣ? ባልሽ የት ነው ያልኳት እኔ እኮ ነኝ። ነዪ አልኳት።

ግንቦት 25፣ አርብ፣ 8፡20

የዘይነባ ምግብ ቤት፣ የጥጉ ጠረጴዛ። ሽማግሌዎቹ ከመስጊድ መጥተዋል፣ ሦስት ናቸው። ቦቴ ነጂውም መጥቷል፤ እርሳስ አንተ ነህ፣ ወጣት መስለኸኝ ነበር አለኝ። ፌቨን ከኔ ቀጥላ ተቀምጣለች፣ ሻርፗን እየጎነጎነች ትፈታለች። ዘይነባ ለሁሉም ሻይ አቀረበች። የጠጣ የለም፤ መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ውጭ አንድ ከባድ መኪና ቆመ። ሹፌሩ፣ ወንድምየው፣ ወረደ። ቁርጥ ሟቹን ነው አሉ። እኔ ሟቹን አይቼው አላውቅም።

ኅዳር 12ን ገልጬ ይዣለሁ። ዘይነባ ወደ በሩ አላየችም። እኔን ነው የምታየው። ዛሬ ዓይኗ ሰው ላይ ያርፋል።

ገባ። ማነው የሣለው ይላል። እኔ ነኝ ልለው ልነሳ ነው።