ኢም ጠመንጃውን ያስቀመጠ ዕለት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ የሚያስቸግርህ ጥርስ ተሻለህ? እኔና እናትህ ደህና ነን። እዚህ ጂንጁ ከተማ ውርጭ ስለገባ እናትህ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ለብርዱ ወራት የሚሆን የጎመን ኪምቺ በበርበሬ ስታኮመጥጥ ሰነበተች። ያንተን ድርሻ ለብቻው አስቀምጣለች፤ እስር ቤት አያስገቡልሽም ብላት አልሰማ አለችኝ።

ከታሰርክ ሰባት ወር ሞላህ፤ እኔ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። "አባቴስ?" ስትላት "ሥራ በዝቶበት ነው" እያለች እንደምትመልስልህ አውቃለሁ። ሥራ አልበዛብኝም። ፀጉር ቤቱ ባዶውን ነው የሚውለው። የዘማቾች ማኅበር ሰዎች በሙሉ መንገድ ማዶ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ዞረዋል።

ባለፈው ሰኞ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓክ መጣና ፂሜን ላጨኝ አለ። ሳሙናውን እየቀባሁት ሳለ የመጣበትን ነገር አወጣ። በማኅበሩ በዓል ላይ ቆሜ፣ ልጄ ለውትድርና ሲጠራ ጠመንጃ አልይዝም ብሎ መታሰሩ ውርደት መሆኑን በሰው ፊት እንድናገር ይፈልጋል። ንግግሩን ራሱ ጽፎ አምጥቷል።

"ሃምሳ አለቃ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰውም ይመለስልሃል፣ የማኅበሩ ምክትልነትህም ይጸናልሃል" አለኝ።

"ልላጭህ ወይስ ላንብብልህ?" አልኩት። ሳቀ።

ላጭቼ ስጨርስ ፎጣውን አራግፌ ወረቀቱን መለስኩለት። የልጄ ሐሳብ ባይገባኝም እሱን አደባባይ ላይ እንደማላዋርደው ነገርኩት። "ታዲያ ከማን ጋር ነህ?" አለኝ። የማኅበሩን መታወቂያ ከመሳቢያ አውጥቼ እጁ ላይ አኖርኩለት።

አሁን ከችሎት ለምን ጥዬህ እንደወጣሁ ልንገርህ። ዳኛው "ጠላት ቢመጣስ?" ብለው ሲጠይቁህ፣ ድምፅህን ሳታነሳ "አልችልም" አልክ። ያኔ ነው ተነስቼ የወጣሁት። አባቴ አፍሮብኝ ነው ብለህ ይሆናል፤ እናትህም እንደዚያ ነበር የመሰላት። እኔ ግን ያንን ቃል ቀድሞ ሰምቼው ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ባሕር ተሻግሬ ስዘምት ኢም የሚባል የሞክፖ ከተማ ልጅ አብሮን ነበር። አንድ ጠዋት ሩዝ ማሳ ዳር ካለች መንደር ስንደርስ እንድንተኩስባት ትእዛዝ ተሰጠን። ኢም ጠመንጃውን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "አልችልም" አለ። እኔ "እሺ ጌታዬ" አልኩ። ስንመለስ እዚያው ተቀምጦ አገኘነው። ፈሪ እያልን ደበደብነው፤ የመጀመሪያውን ጡጫ ያሳረፍኩበት እኔ ነኝ። ዓይኑን ለማየት አልቻልኩም ነበርና።

የቀረውን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብዳቤህን ሌላ ሰውም ያነበዋል። ለእናትህ ግን ትናንት ሁሉንም ነገርኳት። ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የካፖርቴን የላላ ቁልፍ ሰፋችልኝ።

አገር ያለ ወታደር ይጠበቃል ብዬ ዛሬም አላምንም። ስትፈታ እንከራከርበታለን፤ ሐሳቤን የለወጥኩ እንዳይመስልህ። ግን አንተ የማትረግጠውን ቦታ ሳትደርስበት አውቀኸዋል። እኔ ረግጬው ከተመለስኩ በኋላ እንኳ ለማወቅ አርባ ዓመት ፈጀብኝ።

ኢም በሕይወት አለ። ሞክፖ ወደብ አጠገብ የዓሣ መረብ ይጠግናል አሉኝ። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። በር ላይከፍትልኝ ይችላል፤ እንደዚያም ከሆነ ደጁ ላይ ቆሜ የምለውን እላለሁ። ረቡዕ ደግሞ አንተ ጋ እመጣለሁ። አላየውም ካልክ አልቀየምህም፤ በሚቀጥለውም ረቡዕ እመጣለሁ።

ብርዱን በጤና ያሳልፍህ፤ ጥርስህንም ልብህንም ያጽናልህ። ከችሎት ስወጣ ዞሬ ያላየሁትን ፊትህን ለማየት ያብቃኝ።

አባትህ