ሁለተኛው ዛፍ

ኤፕሪል 10
የአይሁድ ወራችን ኒሳን ገባ። ከተማችን ሪጋ ግን ገና በረዶዋን አልጨረሰችም። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ከክፍሌ ልጆች ጋር ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ አበቀልን... ማለት፣ ለማብቀል አስቀመጥን። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ፀደይን ያስተማርኩት። አዲሷ መምህርት ሊባ ደግሞ ትንንሾቹን ይዛ ጭቃ ውስጥ ትል ስትቆጥር ዋለች። ትል! በባዶ እጅ። ልጆቼ መስኮት ላይ ተለጥፈው እሷን ሲያዩ፣ ባቄላውን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ኤፕሪል 15
ሪቫ አምስት ዓመቷ ነው። ከገባች ጀምሮ ደረጃ የምትወርደው እጄን ይዛ ነው። ዛሬ ለቀቀችኝ። "ሊባ ትል አግኝታለች" ብላ ሮጠች። እኔ "እትዬ ፋይና"፣ እሷ "ሊባ" ብቻ... አንጀቴ እርር አለ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በልጅ እጅ ልቀና? ቀናሁ። እዚህ ላይ ማንም አያነበውም፣ ቀናሁ።

ኤፕሪል 17
ዳይሬክተሯ ሶፊያ ጠራችኝ። በኒሳን ልጆቹ ያበበ የፍራፍሬ ዛፍ ሥር ቆመው በዓመት አንዴ ለሚሉት ቡራኬ ነው። እስከ ዛሬ የመራሁት እኔ ነኝ።
"ፋይናዬ፣ ዘንድሮ ሊባ ትምራው። አንቺም ትንሽ እረፊ።"
እረፊ... ደከመኝ ያልኩት መቼ ነው? "ደስ ይለኛል" ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ኮቴን አዛንፌ ቆልፌው ኖሯል።

ሜይ 2
ከፋሲካ እረፍት ተመለስን። የቂጣ ፍርፋሪ ቦርሳዬ ውስጥ አልጠፋም። ብርዱም እንዳለ ነው። ሊባ ለቡራኬው የመረጠቻት የግቢው ቼሪ ገና እንቡጥ ብቻ ናት። ኒሳን ሜይ 8 ፀሐይ ስትጠልቅ ያልቃል። ካለፈ ቡራኬው ለከርሞ ነው።

ሜይ 6
ቼሪዋ አበበች። ልጆቹ ጨፈሩ። የምኩራባችን ረቢ መጥቶ አየና "አንድ ዛፍ አይበቃም፣ የእኛ ልማድ ሁለት ነው" አለ። ግቢው ውስጥ የነበረውን የፖም ዛፍ ደግሞ የክረምቱ በረዶ ሰብሮታል። ሊባ ፊቷ ቀላ።
"እትዬ ፋይና፣ ከክፍልዎ ጀርባ ያለው የፕሪም ዛፍስ?"
ያንን ፕሪም የተከልኩት እኔ ነኝ። የጓሮው በር ከክረምት ጀምሮ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። "ገና ነው" አልኳት። አላየሁትም ነበር እኮ።
ልጆቹ ሲሄዱ ከፍቼ ገባሁ። አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ሳይቀር ነጭ ሆኗል።
አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እስቲ በአንድ ዛፍ ትምራው! በሩን መልሼ ቆለፍኩት።

ሜይ 7
ጠዋት ማንም ሳይመጣ ዛፌን ደግሜ አየሁት። ምን ሊጠቅመኝ እንደሆነ እንጃ።
ከዚያ ሪቫ መጣች። "እትዬ ፋይና፣ ዛፍሽ አበበ?"
"አላበበም።"
ቀና ብላ አየችኝ። "ፀጉርሽ ላይ ግን አበባ አለ።"
ነካሁት። እውነቷን ነው። ከየት እንደመጣ ሳትጠይቀኝ ሄደች። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር...
ምሳ አልበላሁም። "አትዋሹ" እያልኩ ስንቱን ልጅ አሳደግኩ?

ሜይ 8
ቁልፉን ከፍቼ በሩን በድንጋይ ደገፍኩት። ሊባን ጠራኋት።
"ከትናንት ወዲያም አብቦ ነበር። ደብቄሽ ነው።"
ዛፉን አየች፣ እኔን አየች። "ታዲያ ቡራኬውን እርስዎ ይምሩ።"
"ለአንቺ ነው የተሰጠው። ምሪ።"
መራች። አንድ ቃል ሳተች፣ ከኋላ ሆኜ አስታወስኳት። ከልጆቹ ጋር "አሜን" አልኩ። እኔ አለመምራቴ ቆጨኝ፣ አሁንም እየቆጨኝ ነው።
በኋላ ሪቫን ከፕሪሙ ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት።
"ዛፍሽ ሌሊት ነው ያበበው?"
"አይደለም። ዋሽቼሽ ነው።"
"ለምን?"
"ቀንቼ።"
"በማን?"
"በሊባ።"
ትንሽ አሰበች። "እኔም በጓደኛዬ በታሊያ ቦት ጫማ ቀንቻለሁ" አለችና የያዘችውን ትል መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። "ያዢልኝ፣ ሌላ ላምጣ።"
ቀዝቃዛ ነው። ይንቀሳቀሳል። እስክትመለስ ያዝኩላት።