ሳልጠራ የተፈረደብኝ ቀለብ

ሰኞ
ደመወዜ ጎድሎ ገባ። ስህተት መስሎኝ ከፈረቃ ስወጣ የፋብሪካችን ፋይናንስ ቢሮ ሄድሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና ብላ ሳታየኝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መሆኑን ነገረችኝ፤ ለልጄ ለሕሊና ቀለብ በየወሩ እየተቆረጠ ለእናቷ ይላካል። ክስ መኖሩን እንኳ አልሰማሁም። ተራ ሲጠብቁ የነበሩት የሥራ ክፍሌ ልጆች ግን ሁሉንም ሰሙ።

ከማስተዋል ጋር ከተፋታን ወዲህ ሕሊናን ይዛ አንበሳሜ ከተማ እናቷ ቤት ናት። ብር ሳልልክ የቀረሁበት ወር የለም። ፋብሪካው ሁለተኛውን ፈረቃ ካስቀረ በኋላ የምልከው አንሷል። ያ እውነት ነው።

ማክሰኞ
ፈቃድ ጠይቄ ፍርድ ቤት ሄድሁ። መዝገብ ቤት ያለው ልጅ ፋይሉን አውጥቶ አሳየኝ። መጥሪያው የሄደው ድሮ አብረን ወደ ተከራየንበት ቤት ነው። እኔ ዘንዘልማ ሰፈር ሌላ ቤት ከገባሁ ዓመት አልፎኛል። መልእክተኛው አድራሻው አልታወቀም ብሎ መለሰው፤ በሌለሁበት ተፈረደ። ቀለቡም የተሰላው ሁለት ፈረቃ ስሠራ በማገኘው ልክ ነው። «ልጁን ጥሎ የጠፋ አባት» ይላል ውሳኔው።

ደመወዜን ለማስያዝ ግን የፋብሪካው ስም፣ የሥራ ክፍሌ ስም፣ የእኔም ስም እስከ አያት አንድ ሳይዛነፍ ተጽፏል። ይህንኑ ለመዝገብ ቤቱ ልጅ ብነግረው እኔ ፋይል ነው የማወጣው አለኝ። እውነቱን ነው።

ረቡዕ
ምሳ ሰዓት አጠገቤ ማንም አልተቀመጠም። ምናልባት ለእኔ ብቻ መስሎኝ ይሆናል። አብሮኝ ማሽን የሚጠግነው ደረጀ ብቻ መጣና፣ ልጅህን ካድህ እንዴ ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ። አልካድሁም አልሁት።

ሐሙስ
ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቢሮ አንዲት ወጣት ጠበቃ አነጋገረችኝ። መጥሪያው እንዳልደረሰኝ ካስረዳሁ ፍርዱ ሊነሣ ይችላል፤ ጊዜው ሳያልፍ ማመልከት አለብኝ። ማመልከቻውን ጻፈችልኝ። ከታች «ቀለቡ እስከዚያው ይታገድልኝ» ይላል። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥሁት። ሕሊና አድጋ ይህን ብታነበው ምን ትላለች? ነገ እፈርማለሁ ብያት ወጣሁ።

ዓርብ
ቤቱን ጠላሁት። ከሥራ ወጥቼ ጣና ዳር ተቀመጥሁ። ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ነው። ስልኬን ስነካካ ቆየሁና ለማስተዋል ደወልሁ። ልጣላት ነበር የደወልሁት። የምሠራበትን ለፍርድ ቤቱ ነግራ እንደነበር፣ እኔ ግን ንቄ የቀረሁ እንደመሰላት ነገረችኝ። ቀጥላም፣ «በቀጠሮው ቀን ትመጣለህ ብዬ በሩን በሩን ሳይ ነበር» አለችኝ።

ሕሊናን አገናኚኝ አልኋት። ተኝታለች አለች።

ሰኞ
ወደ ጠበቃዋ ተመልሼ የእግዱን ነገር አስወጣሁ። አንተ ካልህ አለችና እንደገና ጻፈችው። ፈረምሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ረቡዕ፣ የቀጠሮው ቀን
ማስተዋል ከእኔ ቀድማ መጥታለች። ዳኛው የሥራ ቦታዬን ተናግራ እንደሆነ ጠየቋት። ዝም ብትል ይጠቅማት ነበር። ተናግሬያለሁ አለች። ከዚያ ምን እንደምጠይቅ ጠየቁኝ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቀለቡ አይቁም። መጠኑ ሲወሰን ግን እኔም ልሰማ» አልሁ።

ፍርዱ ተነሣ። ለጊዜው አሁን በማገኘው ልክ እየከፈልሁ ክርክሩ ከመጀመሪያው ይሰማል። ምን እንደሚወሰን አላውቅም።

ደጅ ላይ ቅዳሜ አንበሳሜ ብመጣ ልጄን ታሳየኝ እንደሆነ ማስተዋልን ጠየቅኋት። እናቷ ላታነጋግረኝ እንደምትችል፣ ሕሊናም እንዳኮረፈች ነገረችኝ። «ቢሆንም ና» አለችኝ።

ስመለስ ለሕሊና ጫማ ልገዛ ገበያ ገባሁ። ሻጩ ቁጥሯን ጠየቀኝ። አላውቀውም። ስንት ዓመቷ ነው ሲለኝ እሱን እንኳ ፈጥኜ ነገርሁት። ሰፋ ያለው ይሻላል ብሎ ቀይ ጫማ አወረደልኝ። ካልሆናት አብረን መጥተን እንቀይረው ይሆናል።