ድስቱን ይዘህ ና

ይገዙ፣

ከጎረቤታችን ከኃይሉ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ። የመኪናችን ቁልፍ ፍሪጁ ላይ ነው። ዛሬ የወንዳፍራሽ አርባ ነው።

ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይዘህ ና። ክዳኑን በገመድ አስሬዋለሁ፤ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ እንዴት እንደምትነዳ አውቃለሁ።

ውስጡ አደንጓሬ ነው። ማድሪድ ሆነን ቪዛ ስንጠብቅ፣ በዚያች አሮጌ መኪና ሦስታችን ቫሌንሲያ ባሕር ልናይ ስንሄድ መንገድ ላይ የበላነው ዓይነት። ዓርብ ነበር። ወንዳፍራሽ «ሥጋ የለውም፣ ጠይቄያለሁ» ብሎን ሁለተኛውን ሳህን ሲጨርስ የአሳማ ጆሮ ማንኪያው ላይ ወጣ። «ለቄስ እነግራለሁ የሚል ካለ፣ ከዚህ በእግሩ ይመለሳል!» ብሎ አስማለን።

ትናንት ለቄሱ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የዛሬው አሳማ የለበትም።

ቀብሩ ላይ ለምን እንዳልመጣህ አልጠየቅኩህም። በሳህን አጠባ ሰበብ የጮህኩብህ ግን በዚያ ምክንያት ነበር።
ይቅር በለኝ።

ድስቱ የኃይሉ መኪና ውስጥ ይገባ ነበር። ሆን ብዬ ነው የተውኩት።
ሌላ ወጥ አልሠራሁም።

ዳኛቸው